የካህናት የገቢ ግብር በአሜሪካ

ደመወዝተኛ ካህን ወይም ፓስተር በአሜሪካ ግብር ሕግ ሁለት መልክ አለው፤ ለገቢ ግብር ተቀጣሪ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ደግሞ እንደ ግል ሠራተኛ ይቆጠራል። ስለዚህ የ15.3 በመቶውን መዋጮ፣ ልዩ ፈቃድ ከሌለው፣ ሙሉውን ራሱ ይሸፍናል። በሕጉ ገደብ ውስጥ ያለ የቤት አበል ከገቢ ግብር ነፃ ቢሆንም ከዚህ መዋጮ አያመልጥም፤ ደመወዙ 30,000፣ አበሉ 12,000 ዶላር የሆነ አገልጋይ መዋጮው የሚታሰበው ከ42,000 ተነሥቶ ነው። የግብር ሶፍትዌር ይህን የሚያሰላው የካህን ገቢ መሆኑ ሲነገረው ብቻ ነው። በዓመታዊው የደመወዝ መግለጫ ቅጽ በደብሊው-2 ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ሣጥኖች የሆኑት 3 እና 5 ባዶ መሆናቸው ትክክል ነው፤ በግምት አይሞሉ። የሰበካ ጉባኤዎች ሆይ፣ የቤት አበሉን ከመክፈላችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።