የቤቱን ወይስ የሆስፒታሉን? የአንጀት ካንሰር ምርመራና የታካሚዎች ምርጫ ታሪክ

እህቶቼ፣ ነውር አይሁንብኝና ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰገራና ስለ አንጀት ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አርባ አምስት ዓመትን ተሻግረዋል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው እንኳ በ45 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ምርመራው ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ታካሚውን «የቱን ትመርጣለህ?» ብሎ ለመጠየቅም ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ቀድሞ የመጣው ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው። ጓያክ የሚባል ዛፍ ሙጫ፣ ሌላ ፈሳሽ ሲጨመርበት፣ ደም ካገኘ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይታወቅ ነበር። ዴቪድ ግሬጎር የተባለ የኦሃዮ ሐኪም ይህ ሙጫ የገባበትን ወረቀት ለታካሚዎቹ እየሰጠ፣ ቤታቸው ሆነው ከሰገራቸው ጥቂት ቀብተው እንዲመልሱለት አደረገ፤ ውጤቱንም በ1967 አሳተመ። ለጥቂት ቀናት ቀይ ሥጋ መተው ያስፈልግ ነበር፤ ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ይህ ምንም አይደለም። በኋላ የመጣው ዓይነት የሰውን ደም ለይቶ ስለሚያውቅ የምግብ ክልከላው ቀርቷል፤ ጃፓን በ1992 ለሕዝቧ የጀመረችው በዚሁ ነው። በሚኒሶታ ከ46,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ1993 ሲታተም፣ በየዓመቱ እንዲመረመሩ ከተመደቡት መካከል በዚህ ካንሰር የሚሞተው ሰው በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ ተገኘ።

ሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ ነው። በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ በቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ ረጅምና ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ እያስገቡ ትልቁን አንጀት ማየት ጀመሩ። ፖሊፕ የሚባለውን፣ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን የሚችለውን እባጭም ሆድ ሳይከፈት ቆርጠው ማውጣት ቻሉ። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ለዐሥር ዓመት ይበቃል። ከባዱ ዝግጅቱ ነው፤ አንጀቱ እስኪጠራ ድረስ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል። ኮሶ የጠጡ እናቶቻችን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ከሥራ መቅረትም አለ፤ ማደንዘዣ ስለሚሰጥ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው መለመንም አለ።

አሜሪካ ወደ ኮሎኖስኮፒ እንድታዘነብል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። የጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ ባለቤት በ1998 በዚህ ካንሰር ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር። እሷም በ2000 የራሷን ምርመራ በምትመራው የጠዋት ፕሮግራም ላይ ለሕዝብ አሳየች። ከዚያ በኋላ የተመርማሪው ቁጥር ጨመረ። በ2001 ደግሞ ሜዲኬር የተለየ ስጋት ለሌለባቸውም ሰዎች ወጪውን መሸፈን ጀመረ። ብዙ ሐኪሞችም ይህንኑ ብቻ ማዘዝ ለመዱ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ልቤን የሳበው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተደርጎ በ2012 የታተመው ጥናት ነው። 997 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ኮሎኖስኮፒ ብቻ፣ ሁለተኛው የሰገራ ምርመራ ብቻ ተመከረለት፤ ሦስተኛው ግን ምርጫ ተሰጠው። በዓመት ውስጥ ኮሎኖስኮፒ ከተመከረላቸው 38 በመቶ፣ የሰገራ ምርመራ ከተመከረላቸው 67 በመቶ፣ እንዲመርጡ ከተደረጉት ደግሞ 69 በመቶ ተመረመሩ። አንድ ምርመራ ብቻ ይዞ «ይህ ይሻልሻል» የሚል ሐኪም፣ ከመቶ ታካሚ ስድሳ ሁለቱ ሳይመረመሩ ቀሩበት ማለት ነው!

ሒሳቡ ግን በአንደኛው ዓመት አልተዘጋም። የሰገራው ምርመራ በየዓመቱ መደገም አለበት። እነዚያኑ ሰዎች ሦስት ዓመት ሲከታተሏቸው፣ የሰገራውን ሳያቋርጡ የቀጠሉት 14 በመቶ ብቻ ሆኑ። የኮሎኖስኮፒው እዚያው 38 ላይ ቆየ፤ ምርጫ የተሰጣቸው 42 ሆኑ። በእኔ አስተያየት የቤቱን የምትመርጥ እህት ቀኑን እንደ ግብር ማስገቢያ ቀን በካላንደሯ ላይ ብትጽፈው ይሻላል። ውጤቱ ደም ካሳየ ደግሞ ምርጫው ያበቃል፤ ኮሎኖስኮፒው የግድ ነው። በሰገራዋ ደም የምታይ ወይም እናት አባቷ፣ እህት ወንድሟ በዚህ በሽታ የተያዙባት እህትም ዕድሜዋ እስኪደርስ ሳትጠብቅ ሐኪሟን ታማክር።

ስለ እኛ ስለ ሴቶች የተጠናም አለ። በ2005 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 43 በመቶዎቹ ኮሎኖስኮፒውን ሴት ሐኪም እንድትሠራላቸው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከእነዚህም 87 በመቶዎቹ ለዚህ ሲሉ ከ30 ቀን በላይ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ነበሩ። ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነውን ነገር ሌሎች ሴቶች በቁጥር ተናግረውልናል። ቀጠሮ በስልክ ስትይዙ ሴት ሐኪም እንዳለች መጠየቅ ትችላላችሁ።