ጥቁር ሣጥንና አንቀልባ

ሰው ይረሳል፤ አንዳንዴም አውቆ ይረሳል። ከአደጋ በኋላ የተረፈው በድንጋጤ፣ ጥፋተኛው በፍርሃት ነገሩን ያዛባዋል። ለዚህ መላ ካበጁት አንዱ አውስትራሊያዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ዋረን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ «ኮሜት» የተባሉት የመንገደኛ ጄቶች በተከታታይ ሲወድቁ፣ የአብራሪዎችን ድምፅና የበረራውን መረጃ መዝግቦ ከአደጋ የሚተርፍ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ዓለም «ጥቁር ሣጥን» የሚለው፣ ቀለሙ ግን ብርቱካናማ የሆነው መዝጋቢ ነው።

የዚህን ምስክር ጥቅም አገራችን በመራራ መንገድ አውቃዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ አልጠፉም። መዝገቡ ፓሪስ ላይ ሲነበብ ግን፣ ከአንድ ጠቋሚ የመጣ የተሳሳተ መረጃ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ ታች ያስደፋው እንደነበር ታወቀ።

መኪናስ? ኤርባግ ያላቸው ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ትንሽ መዝጋቢ አላቸው። ከግጭቱ በፊት የነበሩትን አምስት ሰከንዶች ያህል ይይዛል፤ ፍጥነቱን፣ ፍሬን መያዙን፣ የአሽከርካሪውን ቀበቶ ይናገራል። እናቱ ጭን ላይ ስለተቀመጠው ሕፃን ግን የሚያውቀው የለም።

ውድ አንባቢ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ 140 ኪሎ ያህል ይሆናል። አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ የተቃረበ ጤፍ ማለት ነው። የትኛዋ እናት ትይዘዋለች? ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ የሠራው ለዚህ ነው። መነሻ የሆነው የጠፈርተኞች ወንበር ነበር።

ልጅን ማሰር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1925 ዳንግላ ሲመጣ አገሩን የዞረው በበቅሎ ነበር። በዚያ ዘመን እናት ልጇን በአንቀልባ ጠፍራ ዳገት ቁልቁለቱን ትወጣ ትወርድ ነበር። ዛሬ ከዳንግላ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስትሄድ ልጇን ከጀርባዋ ፈትታ፣ ሒሳብ እንዳይጨምርባት ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፍጥነቱ ሲጨምር ማሰሪያው ቀረ።

መዝጋቢ ሣጥን የሚናገረው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። አንቀልባ ግን አስቀድሞ ይይዛል። ለሕፃኑ ወንበርና ማሰሪያ ይሰጠው፤ ባለንብረቱም ሆነ ሕጉ ከዚህ ይጀምሩ።