ከአል-ሳሃፋ በእግር ወደ አሮጌው ቤተ ሙከራ

በዚህ ገጽ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ትንኝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2007 ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር በአንድ የኪራይ ቤት ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ስደተኛ ወጣቶችን እንግሊዝኛና ሳይንስ አስተምር ነበር። ኸሪፉ ሊያልቅ ሲል ከአሥራ ስድስት ተማሪዎች ስድስቱ በወባ ወደቁ። የቀሩትንም ትምህርቱ አልገባ አላቸው። እኔም “በሚቀጥለው ዓርብ ወባን ያባረሩበትን ቤት በእግራችን ሄደን እናያለን” አልኳቸው።

በአውቶቡስ ያልሄድነው ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረን ነው። ተሰብስቦ መሄድ ደግሞ ከሻ ይጠራል ብለን ስለፈራን ሦስት ሦስት ሆነን፣ ተራርቀን ሄድን። በዴም በኩል አድርገን፣ ፉል በልተን፣ የባቡር ጣቢያውን አልፈን ካርቱም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስንገናኝ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶብናል። ዘበኛው “ዛሬ ዝግ ነው” አለን። ቆይቶ ልጆቹን አያቸውና “ያ ዑስታዝ፣ ዐሥር ደቂቃ ብቻ” ብሎ አስገባን።

ያየነው የጡብ ሕንፃ፣ ቅስት ቅስት በረንዳ ያለው፣ በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚሁ ነው። በኮሌጁ ውስጥ የዌልካም የትሮፒካል ምርምር ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበር። “ዌልካም ምን አገኘ፣ ቲቸር?” አለኝ አንዱ። “ምንም አላገኘም፣ ከፈለ” አልኩት። ሳቁ። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ሄንሪ ዌልካም አሜሪካ ተወልዶ ለንደን ውስጥ በመድኃኒት ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ዕቃውን ሰጠ፣ ስሙም በቤቱ ላይ ቀረ።

ሥራውን የመራው እስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ባልፎር ነው፤ እስከ 1913 ድረስ። ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር ሆኖ የወባ ተሕዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ያሳየው በ1897 ነበርና ነገሩ ገና ትኩስ ነው። ባልፎር እንግዲህ ሰው ከማከም ባሻገር ትንኟን ከምንጯ ላጥፋ ብሎ ተነሣ። የትንኝ እጭ ውኃ ውስጥ ይኑር እንጂ የሚተነፍሰው ከላይ ካለው አየር ነው። ውኃው ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ሲፈስበት ይታፈናል። ስለዚህ የከተማው ጉድጓድ፣ ኩሬ፣ ገንዳ ሁሉ እየተዞረ ይታይ ጀመር። በናይል የሚመላለሱት የእንፋሎት ጀልባዎች እንኳን በሆዳቸው ትንኝ ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ይፈተሹ ነበር። ካርቱም በዚያ ዘመን ከወባ ነፃ ለመሆን ምንም ያህል አልቀራትም።

ለድሃው ብቻ ታስቦ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የእንግሊዝ ሹማምንትና ወታደሮችም በወባ ይወድቁ ነበር። አንድ ሌላ ነገርም ያንገበግበኛል። ዘይቱን በቆርቆሮ ተሸክመው፣ በየቤቱ እየዞሩ፣ በየጉድጓዱ ያጎነበሱት ሰዎች ስም የት አለ? የከፋዩን ስም እናውቃለን፣ የሐኪሙንም እናውቃለን። እነሱን ግን ማን ይወቃቸው!

ይህን ስናገር ነው ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ “የኛስ?” ያለችኝ። የኛም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በሕይወት ያሉትን በእንዶዱ አረፋ ሲሞክራቸው እነሱም ሞቱ። ከ1969 ጀምሮ አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሥራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስሙ ይጠራል። በጀዚራ ቦይ ውስጥ ቆሞ ጥጥ ያጠጣ ስደተኛ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ልጅቷ ግን አልተዋጠላትም። “እንዶድን ያጠቡት ሴቶችስ? አያቴም በእንዶድ ነው የምታጥበው” አለች። መልስ አልነበረኝም። ዐሥሩ ደቂቃም አለቀ። ናይል ዳር ወርደን ካንዲት ያገራችን ልጅ ጀበና ቡና ጠጥተን ወደ ሳሃፋ ተመለስን።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ዩኒቨርሲቲውም ተጎድቷል፣ የሳሃፋውም ሰው ተበትኗል። ከነዚያ ልጆች ይህን የሚያነብ ካለ ጠርሙሱን አይረሳውም።

ጠርሙሱ እንዲህ ነው። ከጉዞው በኋላ ሁለት ልጆች ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ከተሰበረው ቧንቧ ሥር ካለው ኩሬ እጭ በፔፕሲ ጠርሙስ ቀድተው አመጡ። አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርነው። የወባዋ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ጋር ተጋድሞ ይተኛል፣ ሌላው ዓይነት ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የኛዎቹ የተዘቀዘቁ ነበሩ። “እንግዲያው የወባ አይደለችም፤ ስድስታችንን የጣለችው ከሌላ ቦታ ነው የመጣችው” አለ አንዱ፣ ቅር ብሎት። በማግስቱ ሰፈሩን ተከፋፍለው ሌላ ኩሬ ፍለጋ ወጡ። ሁለቱ ገና ከትኩሳታቸው ያልዳኑ ነበሩ፤ ተቀመጡ ብላቸውም እምቢ አሉኝ።