ዘብ የሚጠብቀው የሚከፈልበትን ነው

የሰሞኑ ወሬ አይደለም፤ ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ ነው። ድሬ ውስጥ ሦስት አራት ልጆች አንድ ላይ በተቀመጡበት፣ በተለይ ደግሞ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ በሀሺሽ ምክንያት ከትምህርቱም ከቤቱም መራቁ ከተሰማ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ያርፋል። «አቦ ለምን ለዚህ ነገር ብቻ የቆመ የፖሊስ ክፍል አይኖረንም? ለምን በጀት አይመደብለትም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም እንደግፈዋለን። ግን ቆይ… ብሩ ከመመደቡ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ እናስቀድም። በዚህች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ዘብ ቆሟል፣ ኬላ ተዘርግቷል፣ ሻንጣ ተበርብሯል፣ ጆንያ ተወግቷል። ለዚያ ሁሉ ዘብ ደመወዝ የከፈለው ማን ነው? የከፈለውስ ምን እንዲጠበቅለት ብሎ ነው?

የምናምነውን ከወዲሁ እንናገርና ወደ ታሪኩ እንግባ። የድሬ ዘብ ከጥንቱም የተቀጠረው ገቢ ለመጠበቅ ነው፤ ልጅ ለመጠበቅ አልነበረም። የማንም ክፋት አይደለም፤ ከተማዋ የተወለደችበት መንገድ ነው። አሁን ልጅ የሚጠብቅ ዘብ ከፈለግን ግን አከፋፈላችንም መለወጥ አለበት።

ከጀልዴሳ ወደ ድሬ

ባቡር ሳይመጣ በፊት በሐረርና በባሕሩ መካከል ያለው ንግድ የሚጓዘው በግመል ነበር። የቅፍለቱ ዋና ማረፊያ ጀልዴሳ ነበረች። ከበረሃው የመጣው ጭነት እዚያ ይራገፋል፣ ቀረጥም እዚያው ይከፈላል። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ጀልዴሳን ካስተዳደሩት አንዱ አቶ መርሻ ናሁሰናይ ነበሩ።

በ1886 ዓ.ም. ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ አገኘ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር፣ ደቻቱ ዳር ደረሰ። ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ከባድና ውድ ስለነበር ባቡሩ በሜዳው ቀረ፤ በቀረበትም ቦታ ከተማ በቀለ። የዚህች አዲስ ከተማ የመጀመሪያ ገዥ ማን ሆኑ? እኚያው የጀልዴሳው አቶ መርሻ! የቀረጡን በር ሲጠብቁ የነበሩት ሰው ከበሩ ጋር አብረው ተዛወሩ ማለት ነው። ሌላው ከተማ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ቤተ መንግሥት ተከትሎ ይቆረቆራል። ድሬ ግን ጣቢያና ጉምሩክ ተከትላ ነው የተቆረቆረችው።

ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮውስኪ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል መሠረት የፈረንሳይ ዜጋና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው የሚዳኘው እንደ ማንኛውም የአገር ሰው አልነበረም፤ የቆንስሉ እጅ ይገባበታል። እንግዲህ የዚያን ዘመን የድሬ ዘበኛ በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ከመጋላ በኩል የመጣውን ነጋዴ ያስቆመዋል። ከዚራ ጥላ ሥር የቆመውን የውጭ ሰው ግን ሁለቴ አስቦ ነው። ሕግ ለሁሉም እኩል የማይሠራበት ኬላ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መያዝ የሚቻለውን መያዝ። ይቺን ነገር ልብ በሏት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ፊናንስ መጣ!

ወላጆቻችንን ስለ ድሬ ዘብ ብንጠይቃቸው ከፖሊስ በፊት አፋቸው ላይ የሚመጣው «ፊናንስ» ነው። ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል። ፊናንስ ማለት ገንዘብ ነው፤ የገንዘብ ጠባቂ ማለታችን ነው። በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ መስመር የሚመጣውን ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮና ሲጋራ ሲያሳድድ የኖረ ዘብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቀሚስ ላይ ቀሚስ ደርበው፣ ጣቃ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው የሚያልፉ እናቶች ነበሩ። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ጆንያ በመስኮት የሚወረውሩና ከታች ሆነው የሚቀበሉ ጎረምሶችም ነበሩ። በዚያ ንግድ ልጆች ተምረዋል፣ ቤት ተሠርቷል። የድሬ «ታይዋን» ገበያም ስሙን ያገነነው በዚሁ በድንበር ዕቃ ነው። ለዚህ ነው ድሬ ላይ «ኮንትሮባንድ» የሚለው ቃል እንደ ሌላው አገር የማያስደነግጠው።

የጉምሩክ ሕጋችን ለጠቋሚና ለያዥ ወሮታ መክፈልን ያውቃል። አሠራሩ በሌላውም ዓለም ያለ ነው፤ ለቀረጥ ሥራ ሊጠቅም ይችላል። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። አንድ ቦንዳ ልባሽ ጨርቅ ሲያዝ ዋጋ አለው፤ ይሸጣል፣ መንግሥትም ገቢ ያገኛል፣ ያዡም ተስፋ ያደርጋል። ሀሺሽ ሲያዝ ግን ምን ይደረጋል? ይቃጠላል። ከአመድ ደግሞ ገቢ አይገኝም፤ እንዲያውም ምርመራው፣ የላቦራቶሪው ሥራ፣ ክሱና እስር ቤቱ ወጪ ነው። በገቢ ዓይን የሚያይ ዘብ ከቦንዳው ጋር አንድ ቀጭን ፌስታል ብትመጣበት ዓይኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የቅጠሏ ነገር

ስለ ድሬና ስለ ዕፅ ተወርቶ ጫት ካልተነሳማ ሰሚውም አያምን! ጫት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ነው፤ ቀረጥም ይከፈልበታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 767 በኪሎ 5 ብር ኤክሳይዝ ታክስ ጥሎበት ነበር። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ይዳከማል። ለዚህ ነው የጫት ንግድ ሁሌም ከፍጥነት ጋር የተጋባው። ከአወዳይና ከአካባቢው የተቆረጠው ቅጠል በባቡር ጅቡቲ ይወርድ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ከድሬ አየር ማረፊያ እየተነሳ ኤደን ይገባ ጀመር።

ኤደን ላይ የሆነውን እንስማ። እ.ኤ.አ. በ1957 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ጫትን በኤደን ከለከሉ። ክልከላው የሚሠራው በቅኝ ግዛቱ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከወሰኑ ማዶ ያሉት ሡልጣኔቶች አልከለከሉም። ታዲያ የኤደን ሰው ምን አደረገ? መኪና እየተሳፈረ ወሰኑን ተሻግሮ ቅሞ ተመለሰ! ቀረጡ ቀረ፣ መቃሙ ግን አልቀረም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ክልከላው ተነሳ። ሶማሊያ ደግሞ በዚያድ ባሬ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1983 ከለከለች፤ የሶማሊያ ሰው ዛሬም ይቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላለም። ብሪታንያ ግን የራሷ አማካሪ ምክር ቤት አይከልከል እያላት እ.ኤ.አ. በ2014 ከለከለችው።

ይህን የምናነሳው ጫት ይከልከል ወይም አይከልከል ለማለት አይደለም። (ብንልስ ማን ይሰማናል? በተለይ ከሰዓት በኋላ!) ማለት የፈለግነው እዚህ ላይ ነው። የድሬ ኬላ በአንድ እጁ ቅጠል እየመዘነ ቀረጥ ይሰበስባል፤ በሌላው እጁ ደግሞ ሌላ ቅጠል ይፈልግ ይባላል። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው ከሰጠነው ሰውየው የሚጠየቀው በየትኛው ነው? ወር ሲያልቅ አለቃው የሚጠይቀው «ስንት ብር ገባ?» ብሎ ነው። «ስንት ልጅ ተረፈ?» የሚል አለቃ እስከ ዛሬ አላየንም።

ሕጉ የፌደራል፣ ሰፈሩ የእኛ

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 የአደገኛ ዕፅ ዝውውርን በፌደራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር አድርጎት ነበር። ድሬ በበኩሏ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግሥት ሆኖ ራሷን እንድታስተዳድር በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር አግኝታለች።

በወረቀት ሲታይ ያምራል። የአገሪቱ ዋና ጭንቀት ግን ቦሌ አየር ማረፊያ ነው፤ ኮኬይን ይዞ ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው የሚሸጋገር መንገደኛ ነው። ቀፊራ ወይም ገንደ ቆሬ ጥግ በክብሪት ቀፎ የሚሸጠው ነገር የማን ጭንቀት ነው? ለፌደራሉ በጣም ትንሽ፣ ለቀበሌው በጣም ከባድ! በመሐል የቀረ ሥራ ነው። ለዚህ ነው የከተማ ክፍል ይቋቋም የሚለው ሐሳብ ስሜት የሚሰጠን።

ከዚህ ቀጥሎ ነው «ልብ በሏት» ያልናት ነገር የምትመጣው፤ መያዝ የሚቻለውን መያዝ። ሺሻ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። የሺሻ ዕቃ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሲቃጠል ለካሜራ ያምራል። በየከተማው የሺሻ ክምር በእሳት ሲጋይ በቴሌቪዥን ያላየ ማን አለ? ከቤቱ ሲወጡ ፊታቸውን በነጠላና በጃኬት የሚሸፍኑ ልጆችንም አይተናል። ዕፁን በጅምላ የሚያመጣው ሰውዬ ግን በዚያ ፊልም ላይ አይታይም። እሱ አያጨስማ!

ቱሊያ የምትባል ከተማ

«በጀት ይመደብ፣ የቀረው ራሱ ይስተካከላል» ለሚሉን ደግሞ ከአሜሪካ አንድ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 ኤድዋርድ በርን የተባለ የ22 ዓመት የኒውዮርክ ፖሊስ የአንድ የዕፅ ምስክር ቤት ሲጠብቅ ተገደለ። አገር አዘነ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ለአካባቢ ፖሊሶች የፀረ ዕፅ ሥራ የፌደራል ድጎማ ተፈቀደ፤ ድጎማውም በኋላ በሟቹ ስም ተጠራ። ከአራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዕፅ ስም ከተወረሰ ንብረት የአካባቢ ፖሊስ ድርሻውን እንዲወስድ ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። መነሻው ቅን ነው። ገንዘቡን ለማግኘትና ለማስቀጠል ግን የሚቆጠር ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የተያዘ ሰው፣ የተያዘ ግራም፣ የተወረሰ መኪና።

ከዚያ ቱሊያ መጣች። ቱሊያ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የቴክሳስ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 አንድ ማለዳ 46 ሰዎች የኮኬይን ሻጮች ናችሁ ተብለው ተያዙ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ማስረጃው በዚያ ድጎማ በሚንቀሳቀስ ግብረ ኃይል ውስጥ የሚሠራ የአንድ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ቃል ነበር። ቀረጻ የለ፣ ሁለተኛ ምስክር የለ። ሰዎቹ ሲያዙም ዕፅ አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ 90 ዓመት የተፈረደበት ሰው ነበር! ቆይቶ የፖሊሱ ቃል እንደማይታመን ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2003 የቴክሳስ ገዥ ለ35ቱ ይቅርታ አደረገ፤ በማግስቱ ዓመት ግብረ ኃይሉ ፈረሰ፤ የአማሪሎ ከተማም 5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። የበጀቱ ትርፍ ይህ ሆነ።

ቱሊያና ድሬ በምን ይገናኛሉ? በፊናንሱ ቦንዳ ይገናኛሉ። እዚያም እዚህም ዘቡ የሚያሳድደው የሚቆጠርለትን ነው። ጨርቅ ከተቆጠረለት ጨርቅ ያመጣል፣ ሺሻ ከተቆጠረለት ሺሻ ያመጣል። የታሰረ ወጣት ከተቆጠረለት ደግሞ… ወጣት ያመጣል። ያ ወጣት ማን ነው? እኛው ነን።

እንግዲህስ?

የፀረ ዕፅ ክፍሉ ይቋቋም፣ ብሩም ይመደብ። ግን ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ ገንዘቡ በከተማዋ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የሚጸድቅ መደበኛ በጀት ይሁን። ከተያዘ ዕቃ፣ ከቅጣትና ከወሮታ ጋር ክር እንኳ አያገናኘው። የክፍሉ አባል ምንም ባይያዝ እንኳ ደመወዙ ሙሉ ይሁን። ያኔ ነው ትንሹን ትቶ ትልቁን በትዕግሥት የሚከታተለው።

ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ነገር ይለወጥ። የተቃጠለ ሺሻና የታፈሰ ልጅ ቁጥር ሪፖርት አይሁን። ስንት አከፋፋይ ፍርድ ቤት ቀረበ? ስንቱ መዝገብ ከአንድ ሰው ቃል በላይ ማስረጃ ነበረው? ምክር ቤቱ ይህን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ለዘቡ አንድ ብር ሲመደብ ለማገገሚያም ይመደብ። በሱስ የተያዘ የድሬ ልጅ ቤተሰብ ዛሬም ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታልን ያስባል። ድል ጮራ ሆስፒታል እኮ እዚሁ ነው! እዚያ በቂ አልጋና በቂ ባለሙያ ቢኖር አንዲት እናት ልጇን ከፖሊስ ከመደበቅ ይልቅ ይዛው ትሄድ ነበር። እናቶች ካልደበቁ ደግሞ የፖሊስ ሥራ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው።

ድሬ ከጀልዴሳ ጀምሮ ኬላ ታውቃለች። ጨርቁንም ቅጠሉንም የሚመዝን ሚዛን አላጣችም። ለልጆቿ የሚቆም ዘብ ግን ገና አልቀጠረችም። ስትቀጥር ደመወዙን አስተካክላ ትቅጠር። ዘብ የሚጠብቀው የሚከፈልበትን ነዋ!