ሮምን ሸምድዶ «ኤ» ማግኘት

«ፔሪፕለስ» የሚባለውን የቀይ ባሕር ንግድ መመሪያ የጻፈው በአንደኛው ክፍለ ዘመን በሮም ግዛት ሥር ከነበረችው ግብፅ የተነሳ፣ ስሙን ያልተወ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ነው። አዱሊስን ያነሳል፤ ከወደቡ የሚወጣውን የዝሆን ጥርስም ይጠቅሳል። ዞስካለስ የሚባለውን ንጉሥ ደግሞ ስስታም ነው፣ ግን የግሪክ ጽሑፍ ያውቃል ይለዋል።

ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ብቻዋን የአንድ ክፍለ ጊዜ ክርክር ትወጣታለች። ነጋዴው ንጉሡን ስስታም ያለው ቀረጥ ስለከበደበት ይሆን? ንጉሡስ ግሪክኛ ለምን አስፈለገው?

ሐዋሳ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» ይማራል። ፈተና ላይ የሚጠብቀው ግን በአብዛኛው «ፔሪፕለስ መቼ ተጻፈ? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ዓይነት ጥያቄ ነው። ሞጁሉን የሸመደደ «ኤ» ያገኛል። የግሩፕ አሳይመንቱን አንዱ ይሠራዋል፣ አምስት ስም ይጻፍበታል። ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ነጥብ ወዳለበት ነው የሚሄደው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የታሪክ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው ሽማግሌ ጠይቆ፣ ሰነድ አገላብጦ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ እነዚህን የተማሪ ጥናቶች በምንጭነት ተጠቅመውባቸዋል። የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት የጻፈው ለአገር ታሪክ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ጥያቄው ምርጫ ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። ዝቅተኛውን እውቀት ለመለየት ይጠቅም ይሆናል። ተማሪው ማስረጃ መመርመር መቻሉን ግን አይነግረንም።

«ይህን ሁሉ ተማሪ ማን ያርማል?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ ተገቢ ነው። ሠላሳ ገጽ አይታረምም፤ አንድ ገጽ ግን ይታረማል። ከቀጣይ ምዘናው 20 ነጥብ ለዚህች ገጽ ይሰጥ፦ 5 ለጥያቄው፣ 5 ለምንጩ፣ 10 ማስረጃውን ላገናዘበበት መንገድ።

ለሐዋሳ ተማሪ ምንጭ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሐይቁ ዳር የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲሠሩ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ወደ ሰማንያ እየተጠጉ ነው። ለአዱሊሱ ነጋዴ የሚቀርበው ጥያቄ ለእነርሱም ይሠራል፦ ምን አዩ? ከማን ሰሙ? ለምን እንዲህ አሉ?

የነጋዴው ጽሑፍ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ አንባቢ አግኝቷል። እነዚህ አዛውንቶች ግን እስከሚቀጥለው ሴሚስተር ላይቆዩ ይችላሉ።