የበርሜል ዓመትና የማሳ ዓመት

በተኪላ ጠርሙስ ላይ ከሚጻፉት ቃላት መካከል ዋጋውን ሽቅብ የሚሰቅለው «አኜሆ» የሚለው ነው። በስፔን ቋንቋ የቆየ፣ ዕድሜ የጠገበ ማለት ነው። የሜክሲኮ ሕግ ነገሩን በቁጥር ወስኖታል፤ «ሬፖሳዶ» ማለትም ያረፈ ለመባል መጠጡ ቢያንስ 2 ወር በኦክ እንጨት ዕቃ ውስጥ መተኛት አለበት። «አኜሆ» ለመባል ከ600 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ውስጥ 1 ዓመት፣ «ኤክስትራ አኜሆ» ለመባል ደግሞ 3 ዓመት መቆየት ግድ ነው። እንግዲህ ሕጉ ዕድሜ መቁጠር የሚጀምረው ከበርሜሉ ነው ማለት ነው። ታዲያ ከበርሜሉ በፊት ያለፈውን ዕድሜ ማን ይቁጠረው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን።)

ተኪላ የሚወጣው አጋቬ ከሚባል ተክል ነው። ተክሉ ለእኛም ጨርሶ ባዳ አይደለም፤ በአገራችን ለአጥርና ለገመድ የሚተከለው ቃጫ የእርሱ ወገን ነው፤ የትውልድ አገሩም እዚያው ሜክሲኮ ነው። ለተኪላ የሚፈቀደው ግን አንድ ዓይነት ብቻ፣ ሰማያዊው አጋቬ ነው። ወይን በየዓመቱ ይለቀማል፤ ገብስም በወራት ይደርሳል። አጋቬ ግን እስኪበስል ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት መሬት ላይ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠም አበቃለት። የአበባው ግንድ ብቅ ሲል በለጋነቱ ይቀነጠሳል፤ አለዚያ የተጠራቀመውን ስኳር አበባው ይጨርሰዋል። ሲደርስ «ሂማዶር» የተባለው ቆራጭ፣ «ኮአ» በምትባል ረጅም እጀታና ክብ ስለት ባላት መሣሪያ ቅጠሉን ሁሉ ገፎ እምብርቱን ያወጣል። እምብርቱ አናናስ ስለሚመስል «ፒኛ» ይሉታል፤ አንዱ 30 ወይም 40 ኪሎ፣ አንዳንዱም ከዚያ እጥፍ ይመዝናል። ይህን በፀሐይ ሲሸከሙ መዋል እንግዲህ ቀልድ አይደለም።

ታሪኩን ከሥሩ ብናየው፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የአገሬው ሕዝብ የአጋቬን ጭማቂ አብላልቶ ፑልኬ የተባለ ነጭ መጠጥ ይጠጣ ነበር። ተክሉም ማያዌል የምትባል አምላክት ነበረችው። በ1521 የአዝቴኮች ከተማ ቴኖችቲትላን ከወደቀች በኋላ ግን አረቄ ማውጣት ተጀመረ። ጥበቡ በየት በኩል ገባ? አንዱ ወገን ስፔኖች በአትላንቲክ በኩል አመጡት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ከ1565 ጀምሮ በማኒላና በአካፑልኮ መካከል በተመላለሱት መርከቦች የመጡ የፊሊፒን ሰዎች የኮኮናት አረቄ ማውጫቸውን ይዘው ገቡ ይላል። በማንም ይግባ፣ ተክሉና ተክሉን የማወቅ ጥበብ የአገሬው ነበረ።

መጠጡ ገበያ ሲያገኝ ቤተ መንግሥት ዓይኑን ጣለበት። በ1785 የስፔኑ ንጉሥ ሦስተኛ ካርሎስ የአገሬውን አረቄ ከለከለ፤ ነገሩ ከስፔን የሚመጣው መጠጥ ገበያ እንዳያጣ ነው። በ1795 ደግሞ በአራተኛ ካርሎስ ዘመን ሆሴ ማሪያ ጓዳሉፔ ደ ኩዌርቮ ፈቃድ አገኘ። በ1873 ሴኖቢዮ ሳውዛ በተኪላ ከተማ የራሱን ማውጫ ቤት አቋቋመ። የእነዚህ ባለ ርስቶች ስም እስከ ዛሬ በጠርሙስ ላይ አለ። ኮአ ይዘው የቆረጡት ግን በስም አይታወቁም። ከ1910 የሜክሲኮ አብዮት በኋላ፣ በተለይም ላሳሮ ካርዴናስ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ከ1934 እስከ 1940 ባለው ጊዜ፣ መሬት ለገበሬው ተከፋፈለ፤ ታላላቆቹ ርስቶችም ተበታተኑ። ማውጫ ቤቱና ስሙ ግን ከገበሬው እጅ አልገቡም።

ወደ በርሜሉ እንመለስ። በርሜል በመጀመሪያ ዕቃ ነበረ፤ መጠጡ የሚጓጓዘው በእርሱ ነበርና። ውሎ አድሮ እንጨቱ ራሱ ቀማሚ መሆኑ ታወቀ። አሜሪካኖች ቦርቦን ለሚሉት ዊስኪያቸው ውስጡ በእሳት የተለበለበ አዲስ በርሜል እንዲሆን ሕጋቸው ያዛል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ያገለገለው በርሜል ብዙ ጊዜ የተኪላ መኝታ ይሆናል። እንጨቱ የቫኒላ ሽታና ወርቅማ ቀለም ይሰጣል፤ የአረቄውንም ቁጣ ያበርዳል። ዳሩ ግን በቀለሙ ብቻ መታለል የለብንም፤ ሕጉ ካራሜልንና የመሳሰሉትን ጭማሪዎች በጥቂቱ ይፈቅዳልና። ሌላም አለ፤ ከመጠጡ ስኳር 51 በመቶው ብቻ ከአጋቬ ቢመጣም ተኪላ መባሉ አይቀርም። ስለ ማሳው የሚመሰክረው ቃል «መቶ በመቶ አጋቬ» የሚለው ነው፤ ገዢ ከዕድሜው በፊት እርሱን ይፈልግ።

ታዲያ እንዴት ይጠጣል? የቆየውን ተኪላ እንደ ካቲካላ በመለኪያ ቀድቶ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ብክነት ነው። ያለ ጨው፣ ያለ ሎሚ፣ ያለ በረዶ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ቀድቶ አስቀድሞ ማሽተት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ፉት ማለት ነው። ከጎኑ ጥቂት ብላንኮ፣ ማለትም ነጩን ቢያኖሩ ደግሞ ትምህርት ይሆናል። ነጩ ላይ የበሰለውን አጋቬ፣ ሣር ሣሩንና በርበሬ በርበሬውን እናገኛለን። የቆየው ላይ ያንኑ ከእንጨቱ ሥር ካገኘነው በርሜሉ ሥራውን በወጉ ሠርቷል፤ እንጨት እንጨት ብቻ ካለን ግን የማሳውን ዓመታት ውጦታል።

መቀላቀል ለሚወድም ደንቡ ያው ነው፤ ቅልቅሉ ቀላል ይሁን፣ ተኪላውም ጌታ ሆኖ ይቅር። 60 ሚሊ ሊትር አኜሆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የአጋቬ ሽሮፕ፣ ሁለት ጠብታ መራራ ቅመም፣ አንድ ትልቅ በረዶና የብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። በ2007 ፊል ዋርድ የተባለ የኒው ዮርክ መጠጥ ቀማሚ ይህንኑ መንገድ ይዞ ሬፖሳዶንና ሜስካልን አገናኘ፤ «ኦሃካ ኦልድ ፋሽንድ» የሚባለው ቅልቅል ከዚያ ወጣ። ማርጋሪታ የሚወድ ደግሞ ሁለት እጅ ሬፖሳዶ፣ አንድ እጅ የብርቱካን ሊኬር፣ አንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ ያድርግ። አኜሆን በሎሚ ማስጠም ግን የተከፈለበትን የበርሜል ዓመት ማባከን ነው።

በ2006 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። የ3 ዓመቱ ኤክስትራ አኜሆ በሕግ ማዕርግ ያገኘው ያኔ ነው፤ ዩኔስኮም የተኪላን የአጋቬ ማሳዎችና ጥንታዊ ማውጫ ቤቶች በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። ማሳው ተከበረ ማለት ነው፤ ደስ ይላል። ገበሬውስ? በ2021 አካባቢ የአንድ ኪሎ አጋቬ ዋጋ ከ30 ፔሶ በላይ ደርሶ ነበር። ያን ያየ ሁሉ ተከለ። በ2024 ግን ብዙዎች ከ10 ፔሶ በታች ለመሸጥ ተገደዱ። ገብስ የዘራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይዘራል፤ አጋቬ የተከለ ግን ዋጋው ሲወድቅ ከነተክሉ ማሳው ላይ ታስሮ ይቀራል። ባለ በርሜሉ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ዋጋ ይጨምርለታል። ባለ ማሳው ግን 7 ዓመት ጠብቆ ምን እንደሚያገኝ አያውቅም። ጊዜ ለአንዱ ወለድ፣ ለሌላው ዕዳ የሆነው እንዲህ ነው።

መጠጡን አትጠጡ አላልንም፤ እንዲያውም ቀስ ብላችሁ፣ ቅመሱት እንላለን። ነገር ግን ታሪክ የሚማር ሰው ጠርሙሱ የጻፈለትን ብቻ አያነብም። ጠርሙሱ «1 ዓመት» ሲለን፣ የማሳውን 7 ጨምረን 8 ብለን እንቁጠር።