ሽፍታውና አጋቹ

«መምህር፣ የድሮው ሽፍታና የዛሬው አጋች ምን ይለያቸዋል?» ብሎ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልመልስ።

እኛ ቀሐ ዳር የምንኖር ሰዎች ጎንደርን የነገሥታት ከተማ ማለት እንወዳለን። ግን ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ እስከ 1847 ዘመነ መሳፍንት ነበር። ንጉሡ ግቢው ውስጥ አለ፤ ትእዛዙ ግን ከግቢው አያልፍም። ነጋዴ በየኬላው ይቀረጣል። ኬላው የመስፍን ይሁን የሽፍታ፣ ለከፋዩ ልዩነቱ ብዙም አልነበረም።

ካሳ ኃይሉ የወጣው ከዚህ ክፍተት ነው። ቋራ በረሃ ሸፍቶ ሲራራ ነጋዴ ዘረፈ፤ ካገኘውም ለድሃ ገበሬ ያካፍል እንደነበር ይተረካል። ነገሩ ደግነት ብቻ አልነበረም። ሽፍታ እህልም መረጃም መደበቂያም የሚያገኘው ከገበሬው ነዋ! ቤተ መንግሥቱ ሊያጠፋው ስላልቻለ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ድሮ ሊያለዝበው ሞከረ። አልሆነም። በ1839 እቴጌ መነንን ማረከ፣ በ1847 ደረስጌ ማርያም ነገሠ። ቴዎድሮስ ተብሎ ደግሞ «ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ» ብሎ አወጀ። «የአባታችን ሥራ ዝርፊያ ነው» ያሉትንም እንደፈጃቸው ይተረካል።

ሲሲሊም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት የሎሚ እርሻውን መጠበቅ ሲያቅተው ጥበቃ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ማፊያ የምንለው እሱን ነው። ለጠባቂው ካልከፈልክ የሚዘርፍህ ራሱ ጠባቂው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከ2015 መጨረሻ ጦርነት ወዲህ ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም ተዳከመ፤ እገታ መተዳደሪያ ሆነ። ነሐሴ 2016 ላይ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ ተገድላ ከተማችን በቁጣ አደባባይ ወጣ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አጋች የገበሬ ፍቅር አያስፈልገውም። ስልክ፣ የቤተሰቡን ኪስ የሚያውቅ ጠቋሚና የቤተሰቡ ዝምታ ይበቁታል።

ቤተሰብ ዝም ብሎ የሚከፍለው ቢያመለክት ልጁን በሕይወት የሚመልስለት ተቋም ስለማያይ ነው። ስለዚህ «ለምን ከፈላችሁ?» ማለቱን እንተው። ያመለከተ ሰው ስሙ እንዳይወጣ፣ የተያዘ አጋችም በጉቦ እንዳይለቀቅ ማን ዋስ ይሁን? መጠየቅ ያለብን ይህን ነው።

አያቶቻችን መንግሥት ሲርቃቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ ሌባው ሳይወጣ መንደሩ አይበተንም። የዛሬውም ጠቋሚ እኛው መሀል ነው ያለው። ልጆቼ፣ ስለ አውጫጭኝ ከአባቶች የሰማችሁት ካለ ከታች ጻፉልኝ።